የሴቬሮ ሁለት ነገድ ቢራቢሮዎች

ሴቬሮ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያደረበት፣ ቃሉ የታመነ፣ ጾም የማይሽር፣ ድኻን ከደጁ ባዶ እጁን የማይመልስ ሰው ነበረ። በማሪንዱኬ ደሴት ባሉ የቢራቢሮ አርቢዎች ዘንድ ስሙ በክብር ይነሣ ነበር። አንዲት ጉድለት ብቻ ነበረችበት፤ «አላውቅም» የምትል ቃል ከአፉ ወጥታ አታውቅም።

ልጁ ሊጋያ ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ልትዳር ነው። በዚያ አገር ሙሽሮች ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ የሙሽራዪቱ አባት ከደጁ ቆሞ ሣጥን ይከፍታል፤ ቢራቢሮዎችም ተነሥተው በራሳቸው ላይ ይበራሉ። ሣጥኑ ባዶ የሆነበት አባት እስከ ዕለተ ሞቱ መተረቻ ነው። ስለዚህ ሴቬሮ ጾሙ ሲገባ በመረብ ያጠመዳቸውን ቢራቢሮዎች በሁለት ነገድ ከፍሎ በአበልጁ በዶሮቴዮ ግቢ፣ በመረብ በተሠራ ቤት፣ መካከሉን በመጋረጃ ጋርዶ አኖራቸውና ኮኮናት ሊያወርድ ወደ ደሴቱ ማዶ ተሻገረ። ዶሮቴዮ የሊጋያ የክርስትና አባት ነው፤ ልቡ ቀና፣ አእምሮው ግን ዘገምተኛ። ሴቬሮ የተመለሰው በሠርጉ ዋዜማ ነው።

[በዶሮቴዮ ግቢ። ሴቬሮ የመንገዱን አቧራ ሳያራግፍ ጣቱን ወደ አበልጁ ራስ ቀስሯል።]

ሴቬሮ፦ አትነቃነቅ! ራስህ ላይ ያለው ከየትኛው ወገን ነው?

ዶሮቴዮ፦ ባርኔጣው? ከአማቴ ወገን ነው። ሲሞት ለእኔ ደረሰኝ።

ሴቬሮ፦ ባርኔጣውን ማን ጠየቀህ! ባርኔጣው ላይ ያረፈችውን ነው የምልህ!

ዶሮቴዮ፦ እሷማ ቢራቢሮ ናት።

ሴቬሮ፦ ቢራቢሮ መሆኗን ዕውርም ያውቃል። ነገዷን ነው የጠየቅኩህ! ስንቴ ላስተምርህ? ክንፉ ጥቁር ሆኖ ነጭ መቀነት የታጠቀው?

ዶሮቴዮ፦ የሎሚ ነገድ።

ሴቬሮ፦ ጎሽ። ቀይ ነጠብጣብ ያለበትስ?

ዶሮቴዮ፦ የ... ቀይ ሎሚ ነገድ?

ሴቬሮ፦ የመራራው ሐረግ ነገድ! ወፍ እንኳ ቀምሶ የሚተፋው! አንተ እኮ ሲገባህ ፋሲካ ያልፋል።

ዶሮቴዮ፦ ቀምሰኸው ታውቃለህ?

ሴቬሮ፦ እኔ ወፍ ነኝ? ቢራቢሮ ሊያጠና የመጣውን የውጭ አገር ሊቅ ሣጥን በጫንቃዬ ተሸክሜ ተራራ የወጣሁ ሰው ነኝ! የቢራቢሮ ዘር በሙሉ በዚያ ሣጥን ውስጥ በየነገዱ ተደርድሮ ነበር።

ዶሮቴዮ፦ ሣጥኑ ክፍት ነበር?

ሴቬሮ፦ ተቆልፎ ነበር እንጂ።

ዶሮቴዮ፦ እህ። የእኔም ጎሽ ዕድሜዋን ሙሉ ሸንኮራ ተሸክማ አንድ ቀን ስኳር አልሠራችም።

ሴቬሮ፦ ምን አልክ?

ዶሮቴዮ፦ ስለ ጎሼ ነው፣ አበልጄ። ትንሽ አሟታል።

[ሴቬሮ እያጉረመረመ ወደ መረቡ ቤት ይገባል። ውስጡ ጭር ብሏል። የሎሚው ዛፍ ቅጠል የሚባል የለውም። ከመካከል ተዘርግቶ የነበረው መጋረጃም የለም።]

ሴቬሮ፦ ዶሮቴዮ! የመካከሉ መጋረጃ የታለ?

ዶሮቴዮ፦ አጎበሩ? እሱማ አልጋችን ላይ ነው።

ሴቬሮ፦ አልጋችሁ ላይ!

ዶሮቴዮ፦ የእኛን ውሻው ቀደደው። ሳሉድም «የቢራቢሮ ክብር ከእኔ እንቅልፍ አይበልጥም» ብላ ፈታችው። ባለቤቴን ታውቃት የለም? አንተስ ብትሆን ትከለክላት ነበር?

ሴቬሮ፦ «በሁለቱ መካከል ዝንብ እንዳታሳልፍ» ብዬ አላስማልኩህም?

ዶሮቴዮ፦ ምንም አላሳለፍኩም። ያነሣሁት መካከሉን ነው። መካከል ከሌለ በምን በኩል ያልፋል?

[ሴቬሮ መቁጠሪያውን ከኪሱ አውጥቶ ይስመዋል፤ ትዕግሥት እየለመነ ነው።]

ሴቬሮ፦ ሁለት ነገድ ደባለቅህብኝ! ውሻና ፍየል በአንድ ጋጥ! ሰው እንኳ የሚኖረው በየወገኑ ነው። እኛ የኮኮናት ሰዎች ነን፤ አማቾቼ፣ የሙሽራው ወገኖች፣ የባሕር ሰዎች ናቸው፣ ዓሣ ዓሣ ይሸታሉ። ነገም ቢሆን ሥርዓቱ ካለቀ በኋላ ሊጋያ ከእኔ ቤት፣ ባሏ ከእናቱ ቤት ነው የሚቀመጡት፤ የራሳቸው ጎጆ ጣሪያ እስኪከደን።

ዶሮቴዮ፦ ጣሪያው መቼ ይከደናል?

ሴቬሮ፦ ልጁ ጨዋ መሆኑን ሳረጋግጥ።

ዶሮቴዮ፦ አናጢው ያንን በምን ይለካዋል?

ሴቬሮ፦ አታዘናጋኝ! ሳልሄድ ስንት ቀን ለፋሁባቸው! ለሎሚው ነገድ ሎሚ ሰጠኋቸው፤ አንዲት እንቁላል የለም። ለቀዮቹ መራራውን ሐረግ ተከልኩላቸው፤ ዘወር ብለውም አላዩት። ጾም ይዘው ይሆናል ብዬ ታገሥኩ። ይኸው ፋሲካም አለፈ! ነገ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ባዶ ሣጥን ልከፍት ነው። አማቷ እትዬ ፓስኩዋላ ያቺን ምላሷን ይዛ «የሙሽራዪቱ አባት አየር አርብቶ መጣ» ትላለች። ልጄ በሠርጓ ቀን አንገቷን ትድፋ?

[ዶሮቴዮ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ያሻሸዋል፤ ቢራቢሮዋ ተነሥታ መላጣው ላይ ታርፋለች።]

ዶሮቴዮ፦ አበልጄ... ኃጢአቴን ልናዘዝልህ።

ሴቬሮ፦ ሌላም አለ?

ዶሮቴዮ፦ መጋረጃው በተነሣ በማግሥቱ አንዱ ጥቁር ከአንዷ ቀይ ጋር ጀርባ ለጀርባ ተጣብቆ ዋለ። በጾም! «ተው፣ ሴቬሮ ቢሰማ ያብዳል» ብዬ ለመንኩት። ከቁብም አልቆጠረኝ። እኔው አፍሬ በባርኔጣዬ ከደንኳቸው።

ሴቬሮ፦ የጌታ ያለህ!

ዶሮቴዮ፦ ቀይዋም ሐረግህን ትታ ሎሚው ላይ ወጣች። በየቅጠሉ እንቁላል! ሌሎቹም እሷን አይተው ተከተሉ። አባጨጓሬው ተፈልፍሎ ዛፉን እንደምታየው በትር አደረገው፤ ከጎረቤት ሎሚ ቅጠል ስለምን ከረምኩ። ከዚያ ራሳቸውን ጠቅልለው ተንጠለጠሉ። አሮጌዎቹ ዕድሜያቸውን ጨርሰው አረፉ። አዲሶቹን እንዳትቆጣኝ ብዬ አልጋዬ ሥር ደበቅኳቸው።

ሴቬሮ፦ ምኖቹን?

[ዶሮቴዮ ከቤት በመረብ የተሸፈነ ትልቅ ቅርጫት ጎትቶ ያመጣል። ቅርጫቱ በክንፍ ተሞልቶ ይንሾካሾካል፤ ጥቁሩም አለ፣ ቀዩም አለ።]

ሴቬሮ፦ ይህ... ይህ ሁሉ? ተመስገን! ቆይ፣ ቆይ። ቀዮቹን ከማን ሰረቅህ?

ዶሮቴዮ፦ ከማንም። ያቺን መጀመሪያ ያጠፋችውን ቀይ ለቅጣት ከአንድ የሎሚ ቅርንጫፍ ጋር ለብቻዋ በመረብ ሸፍኛት ነበር። ከዚያ ቅርንጫፍ የወጡት ገሚሶቹ ጥቁር፣ ገሚሶቹ ቀይ ናቸው።

ሴቬሮ፦ አይሆንም! አንዲት እናት ሁለት ነገድ አትወልድም!

ዶሮቴዮ፦ እኔ ምን አውቃለሁ? ግን ያንተስ ቤት? እሑድ እሑድ አንተ ጥቁር ኮትህን ለብሰህ፣ የማኅበሩን ነጭ መቀነት ታጥቀህ ትመጣለህ። ባለቤትህ ደግሞ ያን ቀይ አበባ ያለበትን ቀሚሷን። እሷ ከመራራው ነገድ ናት?

ሴቬሮ፦ አንዳንድ ጊዜማ... ምን ታስለፈልፈኛለህ! እሷ ሚስቴ ናት!

[ሴቬሮ ከቅርጫቱ አንዱን ጥቁር ያያል፤ አንዷን ቀይ ያያል። መቁጠሪያው ከእጁ ይወድቃል።]

ሴቬሮ፦ ሚስቴ... ሚስቶቻቸው! ዶሮቴዮ፣ ቀዮቹ የጥቁሮቹ ሚስቶች ናቸው! ወፍ እንዳይበላቸው የመራራውን ሐረግ ነገድ ቀሚስ አስመስለው ለብሰው ነው!

ዶሮቴዮ፦ ቀስ በል፤ እኔ ቶሎ አይገባኝም። ወንዶቹን በአንድ ወገን፣ ሴቶቹን በሌላ ወገን ዘጋህባቸው?

ሴቬሮ፦ ... አዎ።

ዶሮቴዮ፦ በመካከላቸው መጋረጃ ጋረድክ?

ሴቬሮ፦ አዎ አልኩህ!

ዶሮቴዮ፦ ታዲያ አበልጄ፣ የመነኮሳት ገዳም ገድመህ ነው እንቁላል የምትጠብቀው?

[ሴቬሮ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ ይላል።]

ሴቬሮ፦ ለማንም እንዳትናገር።

ዶሮቴዮ፦ ትንፍሽ አልልም። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም፤ አትቆጣ። ሊጋያ ከአንተ ቤት፣ ልጁ ከእናቱ ቤት ከሆኑ... የልጅ ልጅህን ከየትኛው ሎሚ ላይ ልጠብቅልህ?

[ከቅርጫቱ አንድ ጥቁርና አንድ ቀይ በመረቡ ላይ ጎን ለጎን ወጥተዋል። ሴቬሮ ጎንበስ ብሎ ያያቸዋል።]

ሴቬሮ፦ ልጁን ንገረው። ነገ ማታ እኔ ቤት ይግባ። ጣሪያው በጊዜው ይደርሳል። ዓሣ ቢሸትም... ይሽተት።

ዶሮቴዮ፦ እንግዲያው ከሳሉድ ጋር ሁለት አጎበር እናምጣላቸው?

ሴቬሮ፦ አንተ ሞኝ! አንድ ይበቃቸዋል።

ዶሮቴዮ፦ [ባርኔጣውን እየደፋ] አይዞህ፣ አበልጄ። ፋሲካ ቢያልፍም ገብቶሃል።

እግዚአብሔር የሴቬሮን ቤት ይባርክ፤ የሊጋያን ትዳር ያጽና፤ ጓዳቸውን በልጅ ልጅ ሳቅ ይሙላ፤ ለእርሱም «አላውቅም» የሚል አንደበት አይንሣው። አሜን።