የቧንቧ ውሃው ካፒቴን

በየሰፈሩ፣ የደጁን ሰማይ ቀና ብሎ ሳያይ የሩቅ አገር ደመና የሚያስጨንቀው አንድ ሰው አይጠፋም። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ይህ ሰው ክቡር ካፒቴን ሙዓዊያ ነው። ማዕረጉን የሰጠው ሰፈሩ ነው። ካፒቴኑ መርከብ ረግጦ አያውቅም፤ ሐይቅ ድረስ ሄዶ ጀልባ እንሳፈር ሲሉት እንኳ ጫማ እጠብቃለሁ ብሎ ዳር የቀረ ሰው ነው።

በሙያው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ ኮምቦልቻ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የሠራተኞችን ፋይል ይይዛል። እጁ የገባ ወረቀት ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ልጁ ሳሚያ ግን ቦታ የማይበቃት ሆነች፤ ቱሪስት በሚያንሸራሽር ትልቅ መርከብ ላይ ክፍል ታጸዳለች። መርከቡ ሚያዝያ ሲገባ፣ ፈረንጆቹ ጸደይ በሚሉት ወቅት፣ አትላንቲክን አቋርጦ ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ ይሻገራል። መሀል ባሕር ላይ ስልኳ አይሠራም።

ዓምና መጨነቅ የባለቤቱ የቢልቂስ ሥራ ነበር። እሷ ሰደቃ ታወጣለች፣ ታለቅሳለች፤ እሱ "መርከብ የተሠራው ለዚሁ ነው" እያለ ያሾፍባታል። ቢልቂስ ጥቅምት ላይ ሞተች። ጭንቀቱን የሚረከብ ሌላ ሰው ስላልነበረ እሱ ተረከበው፤ እንደ ተረከበው ሥራ ሁሉ በደንቡ መሠረት ያካሂደው ጀመር።

ጠዋት ኮምቦልቻ የሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ ስልኩን ከፍቶ የባሕሩን ሁኔታ ያሰማል፤ ማዕበሉ ሦስት ሜትር፣ ንፋሱ ከምዕራብ። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ሹፌሩ ሚኒባሱን ሲያወዛውዘው ረዳቱ ይሄስ ስንት ሜትር ነው ይለዋል። ካፒቴኑ ጥያቄውን ከልቡ ወስዶ ያስባል። ጎረቤቱ ሳሊሃ አንድ ቀን ልብስ ልታሰጣ ስትል ዛሬ ይዘንብ ይሆን ብላ ጠየቀችው። አዞርስ ከሚባሉት የአትላንቲክ ደሴቶች ጀምሮ ደመናማ መሆኑን አስረዳት።

"እኔ ልብሴን አዞርስ አላሰጣም፤ እዚህ ነው የማሰጣው" አለችው።

እንዲህ እየሆነ ሳለ አንድ ጠዋት ሚኒባሱ ውስጥ ስልኩን ከፍቶ አየና መልሶ ኪሱ ከተተው። ስልኩ ሰባት ሜትር ማዕበል አሳይቶታል፤ እዚያው፣ መርከቡ በሚያልፍበት። ሳሚያ አትመልስም። ረዳቱ ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ፊቱን ሲያየው ተወው።

ካፒቴኑ ሥራ ሳይገባ ተመልሶ ቦሩ ሜዳ ወጣ። የቢልቂስ አገር ነው። በልጉ ቀርቶ ስለነበር ገበሬዎቹ በሸህ ዘይኑልአቢዲን ቤት ወዳጃ የሚባለውን የጋራ ጸሎት ይዘው ለዝናብ ዱዓ ተቀምጠዋል። የመዝገብ ቤቱ ሰው በሩ ላይ ቆሞ፣ ከዱዓው ጋር አንድ ነገር እንዲጨመርለት ጠየቀ፤ ንፋስ እንዲቆም።

 የቢልቂስ ወንድም ጣሀ ገብሱ እየደረቀበት ነው።

"ንፋሱን ካሳሰርክብን ደመናው በእግሩ ሊመጣ ነው?" አለው።

ተሳቀ። ካፒቴኑ አልሳቀም። እዚህ እንዳይነካ፣ ከአዞርስ በስተምዕራብ ብቻ እንደሚፈልግ፣ የቦሩ ሜዳ ዝናብ በሌላ ባሕር በኩል እንደሚመጣ ማስረዳት ጀመረ። በጣቱም በአየሩ ላይ ወሰን አሰመረ። ዱዓ ወረዳ እንደሌለው ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ይህን ባይል ማልቀሱ ነበር።

ሸሁ እጃቸውን አነሱ። "አላህ ካርታ አይቸግረውም፣ ልጄ። ስሟን ብቻ ንገረኝ።"

"ሳሚያ" አለ። ቀጥሎ የራሱን ስም መጥራት ነበረበት፤ በማንኛውም ፋይል ላይ እንደዚያ ነው። "ሳሚያ፣ የቢልቂስ ልጅ" ብሎ ተቀመጠ።

ሸሁ ለዝናቡም ለባሕሩም ለመኑ። ንፋሱ ይቁም ሲሉ ከሁሉም ቀድሞ፣ ከሁሉም ጎልቶ "አሚን" ያለው ጣሀ ነበር።

ከቀናት በኋላ ደሴ ሰኞ ገበያ፣ በሰው መሀል እየተጋፋ ሳለ ስልኩ ጮኸ።

"አባዬ፣ ደርሰናል።"

ካፒቴኑ ያዘጋጀው ጥያቄ ብዙ ነበር። የወጣው አንድ ብቻ ነው። "ማዕበሉ ስንት ነበር?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? የሠራተኛ ክፍል መስኮት የለውም። ሰው ሁሉ ሲያስመልሰው እኔ ስጠርግ ነው የከረምኩት። ይልቅ እናንተ ዘንድ እንዴት ነው? አጎቴ አገር ዘነበ?"

 ካፒቴኑ ሰሞኑን በዚህኛው ሰማይ ላይ አንድም ጊዜ ዓይኑን አልጣለም። ዘወር ሲል ጣሀ ድንቹን ከፊቱ ዘርግቶ ገበያተኛ ይጠራል፤ ሱሪው ተጠቅልሏል፣ እግሩ ጭቃ በጭቃ ነው።

"ዘንቧል" አላት፤ ድምፁን አጥርቶ።

"ምን ያህል?"

ካፒቴኑ ጎንበስ ብሎ በደንብ አየ።

"እስከ ጣሀ ጉልበት።"