ልናድናት ብለን ግራጫ የቀባናት ሱቅ

የፍራንክፈርት አም ማይን ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን አንጋፋ ነዋሪዎች የቅርስ ጥበቃ ኮሚቴ
የአስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቦታ፦ ጋሉስ ሰፈር፣ ከትራም ፌርማታው ፊት ለፊት፣ የወይዘሮ ዓዚዛ ሱቅ ደጅ። ስብሰባው አዳራሽ ውስጥ ያልተደረገው አዳራሽ እንዲፈልግ የተቋቋመው ንዑስ ኮሚቴ ገና ሰብሳቢውን መርጦ ስላልጨረሰ ነው።

የተገኙ፦
ኢንጂነር ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ሰብሳቢ። ዚንድሊንገን ካለ የኬሚካል ፋብሪካ ጡረታ የወጡ።
ዶክተር ሕሩይ፣ ምክትል ሰብሳቢ። የምን ዶክተር እንደሆኑ ደፍሮ የጠየቀ እስካሁን የለም።
አቶ ተስፎም፣ አባል፣ በኤርትራ ወገን። ጡረታ የወጡ የትራም ሹፌር።
ወይዘሮ ወርቅነሽ፣ አባልና የማስዋብ ክፍል ኃላፊ።
ሰብለወንጌል፣ ጸሐፊ።

ያልተገኙ፦ አቶ ጉልላት። በዚሁ ሰዓት በሌላኛው የቅርስ ጥበቃ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ናቸው ተብሏል።

ያለ ድምፅ የተገኙ፦ ወይዘሮ ዓዚዛ፣ የሱቋ ባለቤት፣ በመስኮታቸው በኩል።

ከስድስት አባላት አምስቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ይሁን እንጂ ኢንጂነሩ ዶክተሩ ሳይቀመጡ፣ ዶክተሩም ኢንጂነሩ ሳይቀመጡ አልቀመጥም ስላሉ ስብሰባው ለረጅም ጊዜ በቁም ቆይቷል። የተጀመረው ወይዘሮ ዓዚዛ «ኧረ በአላህ ተቀመጡ፣ ደንበኛ መስኮቱን አጣው!» ካሉ በኋላ ነው።

አጀንዳ 1፦ የሱቋን ሁኔታ መስማት

ሰብሳቢው ጉዳዩን አስረድተዋል። ጀርመኖች ቫሰርሆይስሸን የሚሏት ይህች የመንገድ ዳር ሱቅ፣ ሶዳ፣ ቢራ፣ ጋዜጣና ማስቲካ ስትሸጥ የኖረች፣ የቆመችበት መሬት ለብስክሌት ማቆሚያ ተፈልጓል። ባለ መሬቱ ድርጅት ወይዘሮ ዓዚዛን መስከረም ላይ ቁልፍ አስረክቢ ብሏቸዋል። የወረዳው ምክር ቤት፣ ማለትም ኦርትስባይራቱ፣ «እስቲ ቅርስ እንደሆነች ይታይ» ብሎ ለቅርስ መሥሪያ ቤቱ ጽፏል። ፍራው ብራንት የተባሉ ባለሙያ ዛሬ በ17 ሰዓት ሊያዩዋት ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ አላቸው። ቅርስ ናት ካሉ ሱቋም ወይዘሮ ዓዚዛም እዚሁ ይቀራሉ። አይደለችም ካሉ ወይዘሮ ዓዚዛ በዚህ ዕድሜያቸው ሌላ ሥራ ፍለጋ ይወጣሉ።

ወይዘሮ ወርቅነሽ ባቡር ጣቢያው፣ ባንሆፍ፣ የወረዱ ዕለት አድራሻ የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ጠፍታባቸው ሲያለቅሱ፣ እዚህ መስኮት ላይ «ነይ እህቴ፣ መጀመሪያ ሻይ ጠጪ» የተባሉ መሆናቸውን፣ ለሁለት ዓመትም ከአገር ቤት ደብዳቤ የሚመጣላቸው በዚህች ሱቅ አድራሻ እንደነበር ተናግረዋል። ሰብሳቢው ይህ የግል ትዝታ እንጂ ታሪክ አለመሆኑን አስገንዝበዋል።

ታሪኩን ዶክተር ሕሩይ አቅርበዋል። በአካባቢያችን የሱቅ ንግድ ከአዱሊስ ወደብ እንደሚጀምር ገለጹ፤ ገና ዕቃው ከመርከብ ሳይራገፍ አቶ ተስፎም «ኣዱሊስ የኛ ነው፣ ፈቃድ ጠይቅ» ብለው ተቃውሞ አስመዝግበዋል። በዚህ ላይ ረጅም ውይይት ተደርጓል። ስለ ጋሉስ የተነሳ ነገር የለም።

ውሳኔ፦ ወይዘሮ ዓዚዛ ለኮሚቴው ወንበርና ሻይ ስላቀረቡ ምስጋና ይድረሳቸው።

አጀንዳ 2፦ ሱቋን ለእንግዳ ማዘጋጀት

ሰብሳቢው «የመንግሥት ሰው እየመጣ ቤት እንዲህ ተዝረክርኮ አይጠብቅም፤ እኛ እኮ ባህል ያለን ሰዎች ነን!» ሲሉ አሳስበዋል። የሱቋ ግድግዳ ከተሠራችበት ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከታች አረንጓዴ፣ ከላይ ቢጫ ሴራሚክ ሲሆን የመስኮቱ የእንጨት መዝጊያ ቀይ ነው። ዶክተር ሕሩይ ይህን ካስተዋሉ በኋላ መሀሉ ላይ ዓርማ ይኑር ወይስ አይኑር የሚል ጥያቄ አንስተዋል። ሰብሳቢው ዓርማ ከገባ ግማሹ ማኅበረሰብ፣ ካልገባ ሌላው ግማሽ እዚህ ማስቲካ እንደማይገዛ አስጠንቅቀዋል። አቶ ተስፎም በበኩላቸው «ሓቂ ልንገራችሁ፣ እኔ በዚህ ፊት ቆሜ ፎቶ አልነሳም። ሰማያዊው የታለ?» ብለዋል።

ወይዘሮ ዓዚዛ በመስኮቱ ብቅ ብለው «ሴራሚኩን የለጠፈው ጀርመናዊ ነው! የናንተን ባንዲራ በሕልሙም አያውቅ!» በማለታቸው ድምፅ እንደሌላቸው በትሕትና ተነግሯቸዋል።

ቀጥሎ ሁሉንም የሚያስማማ ቀለም ተፈልጓል። ነጭ የተሸነፍን ያስመስላል ተባለ፤ ማን ለማን እንደተሸነፈ ግን ስምምነት ላይ አልተደረሰም። ሰማያዊ አንዱን ወገን ያስደስታል ተብሎ ወደቀ። ጥቁር ሐዘን ነው። ቡናማ በዚህ አገር ከናዚዎች ጋር ሌላ ታሪክ አለው። ከረጅም ውይይት በኋላ ግራጫ የማንም አገር፣ የማንም ፓርቲ፣ የማንም ቤተ እምነት አለመሆኑ ተረጋገጠ።

ውሳኔ፦ ሱቋ ግራጫ ትቀባ። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።

ወይዘሮ ወርቅነሽ የቤታቸውን ኮሪደር ሊቀቡ የገዙት ሁለት ባልዲ ግራጫ ቀለም በጋሪያቸው ውስጥ መኖሩን ስላሳወቁ ውሳኔው እዚያው በሥራ ላይ ውሏል። ኮሚቴው ከተቋቋመ ወዲህ በተወሰነበት ዕለት የተፈጸመ የመጀመሪያው ውሳኔ በመሆኑ ተጨብጭቦለታል። ወይዘሮ ወርቅነሽ፣ ዶክተር ሕሩይና አቶ ተስፎም ሲቀቡ ኢንጂነሩ ከወንበራቸው ሳይነሱ «ወደ ላይ! ወደ ላይ ጎትተው!» እያሉ ቴክኒካዊ አመራር ሰጥተዋል።

በዚህ መሀል ወይዘሮ ዓዚዛ መጥረጊያ ይዘው ወጥተው «ያ ጀማዓ! ሴትዮዋ የምትመጣው አሮጌውን ልታይ ነው እኮ! ምን ነካችሁ?» ብለዋል። ዶክተሩ አሮጌ ነገር ለእንግዳ ማሳየት ነውር መሆኑን አስረድተዋቸዋል። ሰብሳቢውም «ወይዘሮ ዓዚዛ፣ እርስዎ ንግዱን ያውቁበታል፤ ቅርሱን ለእኛ ይተዉልን» በማለት ሁኔታውን አረጋግተዋል።

አጀንዳ 3፦ ከባለሙያዋ ጋር ስለሚነሳው ፎቶግራፍ

ሰብሳቢው መሀል የመቆም መብት የሰብሳቢ መሆኑን ገለጹ። ዶክተሩ መሀል የትምህርት ቦታ ነው አሉ። ኢንጂነሩ «ምሕንድስና ትምህርት አይደለም ወይ?» ሲሉ ዶክተሩ «አላልኩም፤ አንተ ነህ ያልከው» ብለው መለሱ። ወንበር እስኪወድቅ ድረስ ሐሳብ ለሐሳብ ተለዋውጠዋል።

አቶ ተስፎም ከወገናቸው ብቻቸውን ስለሆኑ በፎቶው ላይ ሚዛን እንዲጠበቅ ጠየቁ። ጥያቄው ፍትሐዊ ሆኖ ተገኝቷል።

ወይዘሮ ወርቅነሽ «ዓዚዛስ የት ትቁም?» ብለው ነበር። የሱቋ ባለቤት መስኮቱ ውስጥ ስለሆኑ መቆሚያ እንደማያስፈልጋቸው፣ ከኢንጂነሩ ትከሻ በላይ ትንሽ ብቅ ካሉም በቂ እንደሆነ ታምኖበታል።

ውሳኔ፦ ኢንጂነሩና ዶክተሩ ሁለቱም መሀል ይቁሙ። አቶ ተስፎም በግራም በቀኝም ጫፍ ይቁሙ። አፈጻጸሙ ለፎቶ አንሺው ተትቷል።

አጀንዳ 4፦ የባለሙያዋ መምጣት

ፍራው ብራንት በቴርሚናቸው ሰዓት፣ ማለትም ማንም ሳይጠብቃቸው፣ ደርሰዋል። ሰብሳቢው ብሩሽ ያልነካውን እጃቸውን ዘርግተው ተቀብለዋቸዋል። ባለሙያዋ ሱቋን አዩ፣ በእጃቸው ያለውን ወረቀት አዩ፣ የመንገዱን ስም አዩ። ከዚያም በአካባቢው ሌላ ቫሰርሆይስሸን ይኖር እንደሆነ ጠየቁ።

ይህችው መሆኗ ሲነገራቸው «ሴራሚኩስ?» አሉ። ዶክተሩ በኩራት «እንዳያሳፍረን ሸፍነነዋል» ሲሉ መልሰዋል።

ፍራው ብራንት ቀስ ብለው እንዳስረዱት፣ እነዚያ ሦስት ቀለማት ከነሴራሚካቸውና ከነመዝጊያቸው ሳይነኩ የቀሩት በዚህ ሰፈር እዚህች ሱቅ ላይ ብቻ ነው። የመጡትም እነሱን ሊያዩ ነው። ሪፖርታቸውን ነገ ጠዋት ማስገባት አለባቸው፤ ያላዩትን ደግሞ አይጽፉም። ይህን የሠራው ማን እንደሆነም በጨዋ ደንብ ጠይቀዋል። በዚህ ጊዜ አባላቱ በሙሉ ወደ ወይዘሮ ወርቅነሽ ተመልክተዋል። ዶክተር ሕሩይ በእጃቸው የሚንጠባጠበው ብሩሽ ለጥናት የያዙት ናሙና መሆኑን ገልጸዋል።

ባለሙያዋ ተሰናብተው፣ መንገዱን ተሻግረው ትራም መጠበቅ ጀምረዋል።

ወይዘሮ ዓዚዛ ከሱቃቸው ወጥተው የቢራ ሳጥን ላይ ቁጭ አሉ። «ይሄ ሁሉ ዓመት ባዳ ሊያፈርሰኝ ሞክሮ አልቻለም» አሉ። «ዘመድ መጥቶ ከሰዓት በኋላ ጨረሰኝ።» አስተያየቱ በስሜት የተሰጠ በመሆኑ ቃለ ጉባኤው ውስጥ እንዳይገባ ተወስኗል።

ከዚያም መፍትሔ ተፈልጓል። ዶክተሩ ግራጫውም ዛሬ ካልሆነ ከሰባ ዓመት በኋላ ቅርስ ስለሚሆን ባለሙያዋ ትንሽ እንዲታገሡ ይጠየቁ አሉ። ሰብሳቢው የቀለሙን ጠባይ የሚያጠና ንዑስ ኮሚቴ አቀረቡ። አቶ ተስፎም በንዑስ ኮሚቴው ውስጥ የወገናቸውን ድርሻ ጠየቁ። ወይዘሮ ወርቅነሽ ግን ግድግዳውን በጣታቸው ነክተው አረንጓዴው ብቅ ሲል ጮኹ።

«አልደረቀም! ዓዚዛ፣ አልደረቀም! ውሃ አምጪ!»

ሰብሳቢው በሙሉ ድምፅ የጸደቀ ውሳኔ በውሃ እንደማይነሳ፣ መጀመሪያ ሐሳቡ ቀርቦ፣ ተደግፎ፣ ድምፅ ሊሰጥበት እንደሚገባ አሳሰቡ። «ኧረ ኢንጂነር፣ ይደርቃል እኮ!» ቢባሉም ሥርዓት ሥርዓት ነው ብለዋል። ስለዚህ ኮሚቴው በባልዲው ዙሪያ ረጅም ውይይት አድርጎ የሚከተለውን ወስኗል።

የመጨረሻ ውሳኔ፦

ሀ. በዛሬው ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠር። በአጀንዳ 1 ለወይዘሮ ዓዚዛ የቀረበው ምስጋናም አብሮ ተሽሯል።

ለ. ሱቋን የቀቡት ወይዘሮ ወርቅነሽ በግል ተነሳሽነታቸው ነው። አባልነታቸው ካለፈው ወር ጀምሮ የተሰረዘ ሆኖ ይመዝገብ።

ሐ. ሱቋ እንዳልተቀባች ትቆጠር።

ውሳኔው ሲነበብ ወይዘሮ ዓዚዛ «ግራጫውስ?» ብለው ጠይቀዋል። ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ በመሆኑ አልተመዘገበም።

ስብሰባው የተበተነው በ18 ሰዓት ገደማ፣ ወይዘሮ ዓዚዛ ወንበሮቹን ከተሰብሳቢዎቹ ሥር እየጎተቱ ከሰበሰቡ በኋላ ነው። በወንበሩ ፋንታ ለእያንዳንዱ አባል ስፖንጅ ሰጥተዋል። ኢንጂነሩ ሌላ ቴርሚን አለኝ አሉ። ዶክተሩ ወገባቸውን ያዙ። አቶ ተስፎም ስፖንጁን ትንሽ ይዘው፣ ብቅ ያለችውን አረንጓዴ አይተው፣ «ደሓን፣ ሰማያዊ ብትሆን ኖሮ…» ብለው አስቀመጡት። ጸሐፊዋ ይህን እየጻፈች ስለነበር ነፃ እጅ አልነበራትም። ትራሙ ሲመጣ ሦስቱም ተሳፍረው ሄደዋል። መሀለኛው ወንበር ለማን ይገባል በሚል እስከ መታጠፊያው ድረስ ሲገባበዙ በመስኮት ታይተዋል።

ፍራው ብራንት ግን በዚያ ትራም አልሄዱም። ሁለቱ ሴቶች እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ አንዷ ውሃ እያፈሰሰች አንዷ እየፈተገች፣ «ወደ ታች እንጂ! ቅድም ወደ ላይ አይደል የቀባሽው!» «አንቺ ደግሞ ዝም ብለሽ አፍስሺ!» ሲባባሉ ከፌርማታው ቆመው ያዩ ነበር። አረንጓዴው በሙሉ ወጥቶ ቢጫው ሲጀምር መንገዱን መልሰው ተሻገሩ። ቦርሳቸውን ከፍተው ካሜራ አወጡ። ብሩሽ ያልደረሰበትን ቀይ መዝጊያ በእጃቸው ዳሰሱት፤ «ይህንን ነው የፈለግሁት» አሉ፤ ሪፖርቱንም ማታውኑ እንደሚጽፉ ለወይዘሮ ዓዚዛ ነገሯቸው።

ፎቶው ተነስቷል። መሀል ላይ ወይዘሮ ዓዚዛ አሉ፣ ክንዳቸው እስከ ክርናቸው ግራጫ ሆኖ። ከአጠገባቸው ስፖንጅ የያዙት ወይዘሮ ወርቅነሽ ናቸው። ወይዘሮ ወርቅነሽ ካለፈው ወር ጀምሮ አባል ስላልሆኑ፣ በፎቶው ላይ የኮሚቴው አባል የሆነ አንድም ሰው እንደማይታይ ተረጋግጧል።

ጸሐፊ፣ ሰብለወንጌል