ለገና ብዬ የመረጥኩት ጉንጉን

የወላይታ ሰው በሬ መምረጥ ያውቃል። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም፤ አገር ያወቀው ነገር ነው። ለጊፋታ፣ ማለት ለዘመን መለወጫችን፣ የሚታረደውን በሬ ሊገዛ ገበያ የወጣ ሰው ሻኛውን ይደባብሳል፣ ጎኑን ይጫናል፣ ዞር ብሎ ከኋላ ያያል፣ ከዚያ ራቅ ብሎ ይቆምና ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። የሚነቀንቀው ዋጋ ለማስቀነስ እንደሆነ በሬው ራሱ ሳያውቅ አይቀርም። ግን በሬ መምረጥ ያወቀ ሁሉ ሌላውንም ነገር መምረጥ ያውቃል ወይ? ሚስት መምረጥ? መሬት መምረጥ? መሪ መምረጥ? ይቺን የመጨረሻዋን እንተዋት፤ በዚያ ዘመን እሷን ከኛ ቀድመው የሚመርጡልን ነበሩ። እኔ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለ አበባ ጉንጉን ነው። ፈረንጆች ለገና በራቸው ላይ ስለሚሰቅሉት፣ ክብ ስለሆነው ነገር።

ኮብልስቶን ሶዶ ሰፈራችን ጫፍ ደርሶ፣ እኛም አንድ ለአምስት ተደራጅተን ልማታችንን እናፋጥን በተባልንበት ዓመት፣ አባቴ ከሚኖርበት ከዲምቱ ታሞ መጥቶ እኔ ቤት ተኛ። አባቴ ማለት በዲምቱ ገበያ የታወቀ በሬ መራጭ ነበር። ጊፋታ ሲደርስ የአገሩ ሰው እሱን ሳያስከትል በሬ አይገዛም፤ እሱ ይሄኛው ካለ ይሄኛው ነው፣ ክርክር የለም። ሆዱን ሲያመው ከረመና ሐኪም ቤት አመላለስኩት። በመጨረሻ ሐኪሙ እኔን ብቻዬን ወደ ኮሪደሩ ጠራኝ። መነጽሩን አወለቀና፣ ከእንግዲህ ሰውየውን ማመላለስ ማንገላታት ነው፣ ቤት ውሰደውና የሚወደውን አብላው አለኝ። የሚወደውን አብላው! ሐኪም እንዲህ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ለመረዳት ሕክምና መማር ያስፈልጋል?

እንግዲህ ይህን ለበሽተኛው መንገር ብሎ ነገር የለም። በኛ ዘንድ ሰውየው እንደሚሞት መጨረሻ ላይ የሚሰማው ሰውየው ነው። ጎረቤት ያውቃል፣ ዕድሩ ያውቃል፣ ባለሱቁ ያውቃል፤ ሟች ብቻ አልሰማም። ቢያውቅ ይደነግጣል፣ ቢደነግጥ ቀኑ ሳይደርስ ይሄድብናል ብለን ነው የምንፈራው። እኔም ገባሁና ጨጓራ ነው ተባለ፣ ለገና ደህና ትሆናለህ አልኩት። ባለቤቴ ማርታ፣ አባባ ፊትዎ እኮ ተመለሰ አለችው። ሊጸልዩለት የመጡት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ ከትናንት ዛሬ በርትተዋል አሉ፤ ትናንት አላዩትም። አባቴ እኛን በየተራ እያየ፣ እሺ ተመስገን ይላል። ቀጥሎ ያቺኑ አንድ ጥያቄውን ይጠይቀኛል፤ ወደ ዲምቱ መቼ ነው የምትመልሰኝ? እኔም ሲሻልህ እላለሁ። ይህን ብዬ ስወጣ ጓሮ ሄጄ ማልቀሴን እዚህ ላይ ልናገር፤ ሳቅ ብቻ ያለበት ወግ እንዳይመስላችሁ።

ገና ሲቃረብ ቤቱ ይብሱን ጨለመ። ጠያቂ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይገባል፣ በግ ልንገዛ ነው ስንል እንኳ በሹክሹክታ ነው። ማርታ አንድ ቀን ምድጃ አጠገብ ያዘችኝና፣ ስማ፣ ይሄ ቤት የበሽተኛ ቤት ሆኗል፣ አባባ ቢጠረጥሩ ከኛ ፊት ነው የሚጠረጥሩት፣ የበዓል ቤት እናስመስለው አለችኝ። ከዚያም በጎረቤት ዲሽ ያየችውን ፊልም ነገረችኝ። በዚያ ፊልም ውስጥ ገና ሲደርስ በየበሩ ክብ የአበባ ጉንጉን ይሰቀላል፤ ጉንጉን ባለበት ቤት ደግሞ ሁሉም ይስቃል፣ አንድም ሰው አይታመምም። ፈረንጅ ለገና መታመም አይፈቀድለትም መሰለኝ። እኔ ክብ አበባ የማውቀው በቴሌቪዥን፣ ባለሥልጣናት ሐውልት ሥር ሲያኖሩ ነው። ቢሆንም ሐሳቡ ደስ አለኝ። አባቴን ከሞቱ ወሬ የሚከልል ነገር ከተገኘ፣ አበባ ቀርቶ የጤፍ ጭድ እሰቅል ነበር።

ሄድኩ ወደ ሸምሱ ሱቅ። ሸምሱ ቤተሰቦቹ ከስልጤ መጥተው ሶዶ የከተሙ ነጋዴ ነው፤ ከመርፌ እስከ ቆርቆሮ እሱ ዘንድ የማይገኝ የለም። የገና ጉንጉን አለህ ወይ ስለው፣ ክብ አበባ ከሆነ አለ ብሎ ከላይኛው መደርደሪያ ሦስት አወረደ። አንደኛው ቀይ ሪባንና ትንንሽ ቃጭሎች ያሉት፣ ቀጠን ያለ ነው። ሁለተኛው የጥድ ፍሬ የተለጠፈበት፣ ግማሹ የረገፈ ነው። ሦስተኛው ግን! ጥቅጥቅ ያለ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ነጫጭ አበቦች የተሰኩበት፣ ሰፊ ሐምራዊ ሪባን ወደ ታች የለቀቀ፣ ሁለት እጅ የሚፈልግ ነገር ነበር።

የአባቴ ልጅ አይደለሁ? ደባበስኩት። ጎኑን ተጫንኩት፣ አይሰምጥም። ገልብጬ ከኋላ አየሁት። ራቅ ብዬ ቆምኩና ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። ባለቃጭሉ ከሲታ ነው፤ እንዲህ ያለውን ይዞ ቤት የሚገባ ሰው አባቱን ያሳፍራል። ለመሆኑ ለገና የሚሆነው የትኛው ነው ብዬ ሸምሱን ጠየቅሁት። እሱም፣ መምህር፣ በዓሉ እኮ የናንተ ነው፣ እናንተ ናችሁ የምታውቁት አለኝ። ልክ ነው፣ በዓሉ የኛ ነው። በዚያ ላይ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ የአውሮፓን ተራሮች በስም ዘርዝሮ የሚያስተምር ሰው የአውሮፓን አበባ አላውቅም ሊል ነው? ትልቁን አልኩት በኩራት።

ሸምሱ ሲጠቀልልልኝ አባትህስ እንዴት ናቸው አለኝ። ያው ነው አልኩት። ያው ነው በምን ዓይነት ድምፅ እንደሚባል ታውቁታላችሁ። ሸምሱ የጉንጉኑን አቧራ በመዳፉ ቀስ ብሎ ጠረገ፣ ሳልከራከረውም ዋጋውን ቀነሰልኝ። ነጋዴ ሳይለመን ዋጋ ሲቀንስ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባ ነበር። እኔ ግን ለበዓል ነው ብዬ መርቄው ወጣሁ።

የግቢው በር ላይ ሚስማር ስመታ አባቴ ከተኛበት ሆኖ ምንድን ነው የምትደበድበው አለ። ለገና የበር ጌጥ ገዝቼ ነው አልኩት። ወፍራም ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ከነበሩት ሁሉ ወፍራሙ ነው አልኩ። ማን አስመረጠህ? ማንም፣ ራሴ ነኝ። ይሄኔ ፈገግ አለ። ከታመመ ወዲህ ፈገግታውን ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ማርታም እኔም ተያየን፤ አቤት ደስታችን! ሐኪም ያልቻለውን ጉንጉን ቻለው ብለን በሰላም ተኛን።

የገና ዕለት ጠዋት ማርታ ለክትፎው ዳጣ፣ ያን የሚያቃጥለውን የበርበሬ ማባያችንን፣ ስትፈጭ፣ እኔም ሸሚዜን ስተኩስ፣ ከውጭ የዕድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ወይኔ፣ በበዓል ቀን ማን ሞተ አልኩ። ጎረቤት ነኝና መድረስ አለብኝ፤ ሸሚዙን ትቼ ጋቢ ፍለጋ ሮጥኩ። ጋቢዬን ደርቤ በሩን ስከፍት ለቀስተኛው በሩ ላይ ነው፤ ያውም በኔው በር! ከፊት ለፊታችን ያሉት እትዬ በላይነሽ ማለዳ ሲወጡ ጉንጉኑን አይተዋል። አላንኳኩም፤ ለምን ያንኳኩ? በሽተኛ የከረመበት ቤት፣ በሩ ላይ ክብ አበባ፣ ከዚህ በላይ ምን ምልክት ያስፈልጋል? ተመልሰው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለዕድሩ ዳኛ ተናግረዋል።

እትዬ በላይነሽ አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። ማነው የሞተው አልኳቸው። አይ ልጄን፣ ድንጋጤው አእምሮውን ነካው ብለው እሪታቸውን ከፍ አደረጉ። አባቴ አልሞተም ብዬ ጮህኩ። ይሄኔ ሁለት ጎረምሶች ራሴን እንዳልጎዳ ግራና ቀኝ ክንዴን ያዙኝ። ኧረ በሕይወት አለ፣ ውስጥ ተኝቷል ስል፣ እኚያ ሽማግሌያችን ትከሻዬን እየደባበሱ፣ አዎ ወንድሜ፣ በጌታ ያሉ አይሞቱም፣ ተኝተዋል አሉኝ። በዚህ መሀል የዕድሩ አግዳሚ ወንበር እየገባ ይደረደራል። ሸምሱም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ መጣ። አጠገቡ ለተቀመጡት፣ ትናንት ለገና ነው ብሎ ከኔ ሲገዛ ወዲያው ገብቶኛል፣ ሐዘን ነው ያናገረው እያለ ያስረዳል። አንዷ ሴትዮ ደግሞ፣ አባቱ ነፍሱ ሳትወጣ አበባውን አስቀድሞ ገዛ በሉኛ ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ይቺ እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣችም።

ለቅሶው በደንብ ሲሟሟቅ አባቴ ቡልኮውን ተከናንቦ፣ ግድግዳውን እየተደገፈ ብቅ አለ።

የእትዬ በላይነሽ እሪታ መሀል ላይ ተቆረጠ፣ ክንዴን የያዙኝም ጎረምሶች ለቀቁኝ። አባቴ በወላይትኛ ማን ነው የሞተው ብሎ ጠየቀ። ሰዉን አየ፣ ወንበሩን አየ፣ በመጨረሻ እኔን አየ። ከዚያ ወደ በሩ ሄደ፤ ሮጬ ደገፍኩት። ጉንጉኑን ደባበሰው፣ ጎኑን ተጫነው፣ ገልብጦ ከኋላ አየው፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ሐኪሙ ምን አለህ አለኝ።

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ልዋሽ አልቻልኩም። የሚወደውን አብላው አለኝ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አባቴ ግን አልደነገጠም። ዕድሜዬን ሙሉ የሚታረድ በሬ ስመርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ አለኝ። የተመረጠ በሬ እንዴት እንደሚደባበስ፣ እንዴት ጥሩ ጥሩው እንደሚቀርብለት እኔ ልሳተው? ወሩን ሙሉ እየደባበሳችሁኝ ነው፤ እንዳትደነግጡብኝ ብዬ ነው ዝም ያልኳችሁ። በል አሁን ወደ ዲምቱ መልሰኝ።

ይህን ካለ በኋላ ወደ ለቀስተኛው ዞሮ፣ ከመጣችሁ አይቀር የበዓሉን ብሉ አለ። ምን ይደረግ፣ በሉ። ማርታ ዳጣውን አክርራው ስለነበር የሁሉም ዓይን እንባ አዘለ፤ ማን በዳጣው፣ ማን በአባቴ እንደሚያለቅስ መለየት አይቻልም ነበር።

በማግስቱ ሚኒባስ ተኮናተርን። አባቴ ጉንጉኑ ይምጣ አለ፤ ልጄ የመረጠውን ትቼ አልሄድም ብሎ ከበሩ አልንቀሳቀስ አለ። ውስጥ ፍራሽ ተነጥፎ ቦታ ስላልነበረ ሹፌሩ መኪናው ግንባር ላይ አሰረው። ከዚያማ አትጠይቁኝ። ከሶዶ እስከ ዲምቱ ባለው መንገድ ያየን ሁሉ ይቆማል። ገበያተኛው ሸክሙን ያወርዳል፣ ባጃጁ ጥግ ይይዛል፣ ሽማግሌ ባርኔጣውን ያወልቃል። አባቴ ፍራሹን ትቶ ከፊት ወንበር ካልተቀመጥኩ ብሎ ነበርና በመስኮቱ እጁን አውጥቶ ሁሉንም፣ ሳሮ! ሳሮ! እያለ ሰላም ይላቸዋል። አስከሬን ሰላም ያለው ሰው እንዴት እንደሚሆን አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንዲት ሙዝ ሻጭ ቅርጫቷን ጥላ ሮጠች። አባቴ እስኪያስለው ሳቀ። እንዲህ የምከበር መሆኔን ባውቅ ድሮ እሞት ነበር አለኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቁ መሀል ላይ አመለጠኝና ፊቴን ወደ ኋላ አዞርኩ። እንዴት እንደምወደው ያን ቀን ነው የነገርኩት፤ እሱም አውቃለሁ፣ መንገዱን እይ አለኝ፤ መኪናውን የምነዳው ግን እኔ አልነበርኩም።

ጥምቀት አልፎ ብዙም ሳይቆይ አባቴ በገዛ እንሰቱ መሀል፣ በገዛ ቤቱ አረፈ። ጉንጉኑን መቃብሩ ላይ አኖርነው። ፕላስቲክ ነውና ዝናብም ፀሐይም አልቻለውም። የዲምቱ ሰው ሲያየው፣ ልጁ መምረጥ ያውቃል ይላል አሉ።

ዓመት ሆነና ገና ዳግመኛ መጣ። ቤቱ ጭር ብሏል፤ አባቴ የተኛበትን ክፍል በር ከፍተን ለማደር እንኳ አቅም አላገኘንም። ማርታ የግቢውን በር እያየች፣ ሚስማሩ ባዶውን ቀረ፣ ያቺን ያወራህልኝን ባለቃጭሏን ብትገዛትስ አለችኝ በቀስታ። እውነቷን ነው አልኩ፤ ቀይ ሪባን ያላት፣ ከሲታዋ፣ ማንም በለቅሶ የማይጠረጥራት። ሸምሱ ሱቅ ሄጄ ወደ ላይኛው መደርደሪያ በጣቴ እያሳየሁ ጉንጉን ፈልጌ ነበር አልኩት። ሸምሱ የያዘውን ሚዛን አስቀመጠ። ከባንኮኒው ጀርባ ወጥቶ እጄን በሁለት እጁ ያዘና፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዘንድሮ ደግሞ ማን ታመመ አለኝ።