ለልጅ ልጄ ምስክር ልሆን ሞጣ ሄድኩላችሁ

ጉድ ነው! ዛሬ በሰው ፊት ያደረግኩትን ብነግራችሁ፣ ከእንግዲህ አንዳችሁም ለምስክርነት አትጠሩኝም።

አትጥሩኝ! አይገባኝም!

መቼም ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ አወራለሁ፣ ስልኩ ይጽፋል። የፊደል ስህተት ካያችሁ ስልኩን ስደቡት። የዛሬው ስህተት ግን የኔው የራሴ ነው።

የልጅ ልጄ ሰላም እዚሁ ብቸና አንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ናት። ፐብሊክ ሪሌሽን ይሉታል እነሱ። መሥሪያ ቤቱንና ሕዝቡን የምታነጋግር ማለት ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በነጻ የሠራሁት ሥራ!

ታዲያ ይሄ ሥራ ፈቃድ አለው። የሙያ ማኅበሩ ይፈትንና ብቁ ነሽ ብሎ ሰርተፊኬት ይሰጣል። መጀመሪያ ወደቀች፣ አለቀሰች። በሁለተኛው አለፈች። ተገላገልን ብዬ ነበር።

የት ተገላግለን! በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል!

ስልጠና እየገባች ነጥብ ትሰብስብ። በነጻ ያገለገለችበትን ታሳይ። ካልታደሰ ይሰረዝና እንደገና ከፈተናው ትጀምራለች። ከሀ!

ቄስ እንኳ አንዴ ከተካነ ተካነ። በየሦስት ዓመቱ ና ቀድሰህ አሳየን የሚለው የለም።

ከሥራ ስትመጣ ላፕቶፕ። እሁድ ላፕቶፕ። "እምዬ፣ አምስት ነጥብ ቀረኝ" ስትለኝ እኔም አብሬ ይደክመኛል። ነጥቡ ምን እንደሚመስል ሳላውቅ ለነጥቡ ተሳልኩ!

በመጨረሻ አንድ ነገር ቀረ። ሞጣ ላይ ሦስት ገምጋሚዎች ይቀመጣሉ። እሷ የሠራችውን ታቀርባለች፣ ከዚያ ከሕዝቡ አንድ ሰው ይመሰክራል።

ማን ቢሆን ጥሩ ነው?

እኔ!

ዘመድ ይመሰክራል ወይ ትሉኛላችሁ። እኔም ብያታለሁ። "አያቴ መሆንዎን ጽፌላቸዋለሁ እምዬ። ወሬውን የጀመሩት አንቱ ስለሆኑ ነው የፈለጉዎት" አለችኝ።

የምን ወሬ? እሺ፣ ልናዘዝ።

አምና የቦኖው ውሃ ሽታው ተለወጠ። ለካ የሚያጠራ መድኃኒት ጨምረውበት ነው። እኔ ምን አልኩ? እድር ላይ "ይሄ ውሃ ማሕፀን ያደርቃል" አልኩ። የኔ ከደረቀ ስንት ዘመኑ! ግን ወሬ ሲጥም ታውቃላችሁ።

ሳምንት ሳይሞላ ግማሹ ሰፈር እንስራና ጀሪካኑን ይዞ ወንዝ ወረደ። ልጆች ተቅማጥ ያዛቸው።

ሰላም በእግሯ እድር ለእድር ዞረች። አልተቆጣችም፤ ቁጭ ብላ ሰማችን። ውሃውን የሚያክመውን ባለሙያ አምጥታ ስንጠይቀው ዋልን። ከዚያ እኛ ፊት ሁለት ጣሳ ግጥም አድርጋ ጠጣች። ሦስተኛውን እኔ ጠጣሁ። ሰፈሩም ወደ ቦኖው ተመለሰ።

ይሄንን ብቻ ነበር መናገር የነበረብኝ። ይሄንን ብቻ!

ዛሬ ጠዋት በሚኒባስ ሄድን። መንገዱን ሙሉ "ያዩትን ብቻ ይናገሩ እምዬ፣ ምንም አይጨምሩ" ትለኛለች። እሺ እያልኩ ደረስን።

አዳራሹ ውስጥ ሦስት ሰዎች። መነጽር ያደረገች ሴት፣ አንድ ወፍራም ሰውዬ፣ አንድ የሚጽፍ ጎልማሳ። ሦስቱም የሩቅ አገር ሰዎች።

ሰላም ፕሮጀክተሩን አብርታ ጀመረች። ወይ አነጋገር! ወይ አቋቋም! ሦስቱም ዓይናቸውን ተከሉባት። ወፍራሙማ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ቶሎ ብዬ አማተብኩ።

ሴትዮዋ ወደኔ ዞረች። "እማማ፣ የሰላምን ሥራ እንዴት ያዩታል?"

እናንተ ዘንድ እንዴት ነው? እኛ ዘንድ የገዛ ልጅን ባዕድ ፊት አያመሰግኑም። ዓይን ያርፍባታላ! ታምራለች ሲሉን "ምኗ ነው የሚያምረው!" እንላለን። ጎበዝ ናት ሲሉን "ኧረ ደንቆሮ ናት!" እንላለን። ሰላምን እንዲህ እያልኩ ነው ለዚህ ያደረስኳት።

አፌ ቀደመኝ።

"እሷ? ተዉኝ እባካችሁ! ሰነፍ ናት።"

ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች።

"ሰነፍ... ሲሉ፣ እማማ?"

"ሰው ፊት መናገር የት ታውቅና! ፈዛዛ ናት።"

ጎልማሳው ይጽፋል። ስሟ ወረቀት ላይ ሲወርድ ሳይ ይብስ ፈራሁ። ስፈራ ደግሞ እጨምራለሁ!

"ውሃውንስ የጠጡት እሷ አሳምናዎት አይደለም?"

"ጠምቶኝ ነው!"

ጠምቶኝ ነው አልኩላችሁ!

ሰላምን አየኋት። የጠረጴዛውን ልብስ ታስተካክላለች። ምንም ያልተዛባውን ጨርቅ ደጋግማ ታስተካክላለች።

ውሳኔውን እዚያው አነበቡት። ምስክሯ ሥራዋን አልደገፈችም። በአስራ አምስት ቀን ውስጥ ሌላ ማስረጃ ታቅርብ፣ አለዚያ ፈቃዱ ይሰረዛል።

ሴትዮዋን ግቢው ውስጥ ሮጬ ደረስኩባት። "ልጄ፣ ያልኩትን ገልብጠሽ ጻፊልኝ!"

"እማማ፣ እኛ የምንጽፈው የተናገሩትን ነው።"

በሚኒባስ ተመለስን። ደብረ ወርቅ ስንደርስ እኔው ጀመርኩ።

"ዓይን እንዳያገኝሽ ብዬ እኮ ነው።"

"አውቃለሁ እምዬ።"

"ተቆጣሽ?"

"ደከመኝ እንጂ አልተቆጣሁም።" በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች። "አንድም ቀን ጎበዝ ነሽ ብለውኝ አያውቁም። ዛሬ ግዴታ ስለሆነ ይሉኛል ብዬ ነበር።"

 ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ብቸና ገባሁ።

አሁን ቤት ገብተናል። እሷ ያንን ላፕቶፕ እንደገና ከፍታለች። የእድራችን ሴቶች ነገ ሄደን እንመሰክራለን ብለዋል፤ እኔን ግን አንወስድም አሉ። ልክ ናቸው!

እኔም ጓዳ ገብቼ ስልኬን ከፈትኩ።

ስሙኝማ። ሰላም ጎበዝ ናት። ስትናገር የቆመ ሰው ይቀመጣል። ውሃውን የጠጣሁት ጠምቶኝ አይደለም፣ እሷን አምኜ ነው። ወሬዬን እኔ ለኩሼ እሷ ናት ያጠፋችው። እንዲህ ያለች ልጅ በዘሬ አይቼ አላውቅም።

ይኸው አልኩ! ስልኩም ጻፈው!

ፖስት የሚለውን ልነካ ነው። ሦስት ሰው ያስፈራኝ ሴትዮ፣ እናንተ ስንት ናችሁ?

ይሄንን ከለጠፍኩ በኋላ በሹክሹክታ ነው የጨመርኩት፦ ከማዶ ክፍል የሰላም ስልክ ጮኸ። ያልኩትን አነበበች መሰለኝ። "እምዬ?" አለች፤ ድምጿ ቀጥኖ። እኔ የተኛሁ መስያለሁ።

እስቲ ንገሩኝ ወገኖቼ፦ የልጅ ልጇን በዚህ ሁሉ ዓይን ፊት ያመሰገነች አሮጊት፣ ነገ ጠዋት በምን ፊቷ ነው ደህና አደርሽ የምትላት?