ሕዝብ ያልተሳተፈበት ኮረብታ

መሥሪያ ቤታችን ያለ ሕዝብ ተሳትፎ የሚለማ ተፈጥሮን ፈጽሞ አይታገሥም። ስለዚህ ከከተማው ጫፍ ያለው ኮረብታ ማንም ሳይሳተፍበት ጥቅጥቅ ብሎ መገኘቱ ሲታወቅ የኃላፊያችን ደም ፈላ። የሠፈሩ ሰዎች ለዓመታት ያደረጉት ነገር ቢኖር አለመግባት ብቻ ነው። ከብት አያስገቡም፣ እንጨት አይለቅሙም፤ ከሥሩ ከምትፈልቀው ምንጭ እየቀዱ ዝም ብለው ይኖራሉ። ይህ በሪፖርት ምን ተብሎ ይጻፋል?

ኃላፊው እኔንና የድምፅ ማጉያውን አስከትለው ወረዱ። ምንጯ አጠገብ ጎመን ተክለው የሚተዳደሩ ባልቴት ነበሩ።

«እማማ፣ ለዚህ ኮረብታ ምን እያደረጋችሁለት ነው?» አሉ ኃላፊው።

«ምንም።»

«ይኸው! ምንም!» ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ይቺ ምንጭ ከደረቀች እኔም ጎመኔም አለቀልን። እባካችሁ አትግቡበት።»

«እማማ፣ የባለቤትነት ስሜት ሊያድርብዎት ይገባል እኮ።»

«አድሮብኝማ ነው የማልገባው!»

ይህን የመሰለ የግንዛቤ እጥረት በቸልታ የሚታለፍ አልነበረም። በሳምንቱ ሕዝቡ ለችግኝ ተከላ በነቂስ ወጣ። ለእንግዶች መኪና መንገድ ተጠረገ፤ ለድንኳኑ ቁጥቋጦው ተመነጠረ፤ ለችግኝ የሚሆን ባዶ ቦታ ስለጠፋ ዛፍ ተቆርጦ ባዶ ቦታ ተዘጋጀ። እኔም ጉሮሮዬ እስኪነቃ «ዛፍ ሕይወት ነው!» እያልኩ ጮኽኩ። ወፎቹ የኃላፊው ንግግር ሳያልቅ ጥለውን ሄዱ፤ ሥነ ሥርዓት የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም።

ደግነቱ፣ መንገዱ አንዴ ከተከፈተ ወዲህ ተሳትፎው ያለ ቅስቀሳ ቀጠለ። አንዱ በመጋዙ፣ ሌላው በፍየሎቹ ተሳተፈ። ችግኞቹን የበሏቸውም እነዚሁ ፍየሎች ናቸው።

ምንጯ ደረቀች። ባልቴቷ የጠወለገ ጎመናቸውን ታቅፈው ቢሮ መጡ፤ የኃላፊው ጠረጴዛ ላይም አስቀመጡት። እውነቱን ለመናገር አንጀቴን በሉት።

ኃላፊው ግን የሕዝብ ብሶት የሚገባቸው ሰው ናቸውና መፍትሔ ለመስጠት ጊዜ አልፈጀባቸውም። ኮረብታው እንዲያገግም ተወሰነ፤ ነዋሪውም ለሥልጠና ተጠራ። ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣው አሠልጣኝ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፈ፦ «አለመግባት፦ ዘመናዊ የጥበቃ ዘዴ»።

ባልቴቷ ከኋላ ብድግ አሉ።

«ይሄንማ ስናደርገው አልኖርንም እንዴ?»

አሠልጣኙ በትዕግሥት ፈገግ አለ። «ታደርጉት ነበር እማማ፤ ግን ያለ ሥልጠና ነበር።»

ከምሳ በኋላ፣ ትምህርቱ በተግባር እንዲደገፍ፣ ሁላችንም ተሰልፈን ኮረብታው ውስጥ ገባን።