ጥላ የለካሁበት ሰሞን

ሰው ሁሉ ዕቅድ አውጪ ነው። እጁ ላይ እርሳስ፣ ደጁ ላይ ስንዝር መሬት ይኑረው እንጂ መሐንዲስ ከመሆን የሚያግደው ነገር የለም። የኔዋ ስንዝር ያለችው ቡራዩ፣ ወደ ገፈርሳ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከቤቴ ጓሮ ነው። ርዝመቷ ስምንት እርምጃ፣ ስፋቷ አምስት እርምጃ ይሆናል። እርምጃውም የኔ ነው፤ እኔ ደግሞ አጭር ሰው ነኝ።

ታዲያ ይቺ ጓሮ ጥላ የበዛባት ናት። ጠዋት የቤቱ ጣሪያ ይከልላታል፤ ፀሐይ ከጣሪያው በላይ ብቅ ከማለቷ ደግሞ ከአጥሩ ማዶ ያለው የጎረቤቴ የኦቦ ደበላ ዝግባ ይጋርዳታል። ኦቦ ደበላ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ገበሬ ናቸው፤ ዝግባውን የተከሉት አባታቸው ናቸው። እኔ ይህን ሁሉ ሳላስብ ቲማቲም ተከልኩ። ቲማቲሙ ፀሐይ ፍለጋ ወደ ላይ ተመዘዘ፣ ተመዘዘና መስኮታችን ላይ ደርሶ ቤት ውስጥ ያየን ጀመር። ፍሬ ግን ወዴት! ባለቤቴ ብርቄ፣ ይሄ መጋረጃ ይሆነን ይሆናል እንጂ ወጥ ላይስ አይደርስም አለችኝ።

ተስፋ ቆረጥኩ? እንዴት ተደርጎ! አንድ የሥራ ባልደረባዬ የአትክልት መጽሐፍ አዋሰኝ። መጽሐፉ እንደሚለው ጥላ ያለበት ጓሮ የገጠመው ጀማሪ ከመትከሉ በፊት ጥላውን ማጥናት አለበት፤ በየሰዓቱ የት እንደደረሰ ምልክት ያደርጋል። ጊዜ ደግሞ ሞልቶኛል። አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ገበሬ መሬት ያሰፋል የተባለው የማስተር ፕላን ተቃውሞ የጋለበት ሰሞን ነበርና መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ታክሲ ጠፍቶ፣ ቤት ከዋልኩ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ራቅ ካለ ቦታ ተኩስ ይሰማል፤ እናቶች ልጆቻቸውን በስም እየጠሩ ወደ ቤት ያስገባሉ። ሰው ሲጨንቀው እጁን የሚያሠራበት ነገር ይፈልጋል፤ እኔ ጥላ አገኘሁ። ታክሲ ውስጥ ከተሳፋሪው ጋር ሆኜ፣ ገበሬውን ሳይጠይቁ መሬቱ ላይ መስመር የሚያሰምሩትን ሰዎች ስረግም የከረምኩ ሰው መሆኔን ግን እዚህ ላይ ያዙልኝ።

ከአጥራችን ኮርች ቆረጥኩ፤ እንጨቱ ለስላሳ ስለሆነ ለጀማሪ ይመቻል። ጫፍ ጫፉን እየጠረብኩ ችካል አደረግሁት። ሣር ውስጥ እንዳይጠፋብኝ ደግሞ አናት አናቱን በራችንን ከቀባንበት በተረፈ ቀይ ቀለም ነከርኩት። ከዚያ በየሰዓቱ እየወጣሁ ጥላው የደረሰበት ላይ ስቸክል ዋልኩ። ግን የጥላውን መነሻ ሳይዙ መድረሻውን ብቻ መያዝ ምን ዓይነት ሳይንስ ነው? ኦቦ ደበላ ለቅሶ ሄደዋል፤ አጥሩን ተሻገርኩና ዝግባው ሥር ሁለት ችካል ተከልኩ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

በማግስቱ ጠዋት የነቃሁት በመጥረቢያ ድምፅ ነው። ስወጣ ኦቦ ደበላ ካፖርታቸውን አውልቀው ዝግባውን ይመታሉ። እንዴት አደሩ ለማለት አካም ቡልተን ብላቸው እንደ ወትሮው "ነጋ"፣ ማለትም ሰላም፣ አላሉኝም። ምን ሆኑ ብዬ ስጠይቃቸው በመጥረቢያው ወደ ችካሉ አመለከቱኝ። ፉሪ የሚኖረው የሚስታቸው ወንድም ዘንድም አመጣጡ እንዲሁ ነበር አሉ፤ መጀመሪያ ቀይ ችካል፣ ቀጥሎ ደብዳቤ፣ ቀጥሎ ዶዘር። ዝግባውን በኦሮምኛ ቢርቢርሳ ነው የሚሉት። "ቢርቢርሳውን አባቴ ነው የተከለው፤ ዶዘር ከሚጥለው እኔው ልጣለው" አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

ምን ብዬ ልናገር? ብናገር ከሰው ዓይን ልወድቅ ነው፤ ዝም ብል ዛፉ ይወድቃል። ዛፉ ከወደቀ ደግሞ ጓሮዬ ፀሐይ በፀሐይ ይሆናል። አልዋሽም፣ ይህ ሐሳብ ሽው ብሎብኛል። ሽው ማለቱ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ችካሉ የኔ ነው አልኳቸው። ማን ላከህ አሉኝ። ማንም አልኩ። ታዲያ ምን ትለካለህ ሲሉኝ፣ ጥላውን አልኳቸው።

መጥረቢያውን ተደግፈው አዩኝ፣ አዩኝና "መሬቱ ተለክቶ አለቀና ጥላው ቀረ?" አሉ። የቀለዱ መስሎኝ ፈገግ አልኩ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት አሉኝ። ገብስ ስናጭድ ምሳችንን የምንበላው ይህን ጥላ እየተከተልን አይደል፣ በየትኛው ወር የት እንደሚውል እኔ አልነግርህም ነበር? አሉኝ። ስረግማቸው የከረምኩት ሰዎች ቢያንስ ቢሮና ማኅተም አላቸው፤ እኔ ማን ነኝ ብዬ ነው?

የዛፉን ቁስል አብረን በጭቃና በእበት መረግነው። ከዚያ ኦቦ ደበላ ከዝግባው ሥር ጀምረው፣ አጥሩን ዞረው እስከ ጓሮዬ ድረስ ያገኙትን ችካል ሁሉ በእጃቸው ነቀሉት። ከግድግዳው ሥር ቆስጣ፣ ከአጥሩ ጥግ እንሰት ትተክላለህ፣ ቲማቲሙን እርሳው አሉኝ። የእንሰቱን ችግኝ ከራሳቸው ጓሮ ሰጡኝ። እኔም አልለካሁም።

ክረምት ሲገባ ቆስጣው ከኛ አልፎ ብርቄ ለጎረቤት የምታድለው ሆነ። ዝግባውም ቁስሉ እየጠገገ ነው። አንድ ቀን ኦቦ ደበላ ጠሩኝና ዝግባው ሥር ወሰዱኝ። ከሁለቱ አንዱ ችካል ሣር ውጦት ሳይነቀል ቀርቶ ኖሮ፣ ከቀዩ ቀለም ዝቅ ብሎ ቅጠል አውጥቷል። ለካ ኮርች ቆርጠው ቢተክሉት ይበቅላል፤ የአገሩ ሰው አጥር የሚያደርገው ለዚህ ነው፤ መጽሐፌ ግን ይህን አልነገረኝም። ጎንበስ ብዬ ልነቅለው ስል ኦቦ ደበላ እጄን ያዙኝ። ከበቀለ በኋላ አይነቀልም አሉ።

እንግዲህ ጓሮዬ ውስጥ ያማረው ሁሉ የኦቦ ደበላ ዕቅድ ነው። ከኔ ዕቅድ ሥር የሰደደው ያ ችካል ብቻ ነው፤ እሱም በሰው መሬት ላይ። ጥቂት ዓመት ሲቆይ የሱም ጥላ አጥሩን ተሻግሮ አንተ ጋ ይደርሳል አሉኝ ኦቦ ደበላ፤ የዚያኔ መለካት ካማረህ መጀመሪያ ደጄን አንኳኳ።