የመምህርት ኢስታሂል ፒራሚዶች

በየከተማው አንድ ነገር ሳያሳይህ የማይለቅህ ሰው አለ። አንዱ የሠርጉን አልበም ያሳይሃል፣ ሌላው አዲሱን መጋረጃ። የሀርጌሳዋ ክብርት መምህርት ኢስታሂል ግን የሚያሳዩት የሶላር ስባሪ ነው፤ ያውም በማይክሮስኮፕ።

እኔ ዘይኑ እባላለሁ፤ ጣሪያ ላይ ሶላር የምገጥም የስልጤ ልጅ ነኝ። እሳቸው ድሬዳዋ ያደጉ ሶማሌ ናቸው፤ ኮሌጅ ፊዚክስ ያስተምራሉ። የኮሌጁ ጣሪያ ላይ ሆኜ የተሰበረ ፓኔል ልጥል ስል፣ ከታች "አንተ! እንዳትጥለው!" የሚል አማርኛ ሰማሁ። ሀርጌሳ ከመጣሁ ሁለት ወር ሙሉ በአማርኛ የጠራኝ ስላልነበረ ከጣሪያው ልወድቅ ምንም አልቀረኝም።

"አንድ ዓይንህን ጨፍን" ይላሉ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ። ሲያዩት ልሙጥ የሚመስለው የፓኔሉ ሴል ላይ፣ ከፀጉር ውፍረት ያነሱ ፒራሚዶች ጥቅጥቅ ብለው ቆመዋል።

"ልሙጥ ቢሆን ብርሃኑን መልሶ ይወረውረው ነበር። አሁን አንዱ ፒራሚድ የመለሰውን ጎረቤቱ ይቀበለዋል። ማሻአላህ በል እንጂ!"

ተማሪዎቻቸው በላብራቶሪው በር በኩል አያልፉም። ዘበኛው ፋራህ አንዴ ተይዞ ግማሽ ሰዓት አጎንብሶ ካየ በኋላ፣ ወገቤን ብሎ ሦስት ቀን ከሥራ ቀረ። አሕመድ ዳጋህ ሰፈር የሶላር ሱቅ ያለው ዓብዲዋሀብ ደግሞ "ይህ ፓኔል አንደኛ ደረጃ ነው" ቢላቸው፣ "ስባሪ አምጣና እንየው" አሉት። የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን፣ ልሰግድ ነው ብሎ ሱቁን ዘጋ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር።

እኔ ግን ሐሙስ ሐሙስ ስባሪ ይዤ እሄዳለሁ። ልጆቻቸው ባሕር ማዶ ናቸው፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልካቸው ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። የእኔም አይጠራም። ከሚያስረዱኝ ግማሹ አይገባኝም፤ በአማርኛ "ተቀመጥ" መባሉ ግን ይገባኛል።

ባለፈው ወር አንድም ፓኔል አልተሰበረም። ሦስት ሐሙስ ቀረሁ። በአራተኛው፣ መሐመድ ሞጌ ሰፈር የተከራየሁት ቤት ጣሪያ ላይ ወጣሁና የራሴን ፓኔል በመዶሻ መታሁት።

መምህርት ስባሪውን ሌንሱ ሥር አድርገው ወዲህ ወዲያ እያዞሩ አዩት።

"ነፋስ ነው የጣለው አልክ?"

"አዎ፣ መምህርት።"

"ነፋስ ክብ ነው እንዴ? ፒራሚዶቹ አንድ ቦታ ላይ ክብ ሠርተው ተደፍጥጠዋል። ስንጥቁ ሁሉ የሚነሳውም ከዚያው ነው።"

መሬት መሬት አየሁ።

"የማን ፓኔል ነው?"

"የአንድ ደንበኛ።"

"ታዲያ ደንበኛህ ማታ በምን ሊያበራ ነው?"

"ሻማ አለው።"

መነጽራቸውን አውልቀው በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉት። ጠርገው ከጨረሱም በኋላ መልሰው ጠረጉት።

"እንግዲያው ለደንበኛህ ንገረው" አሉ። "ሐሙስ ሐሙስ እዚሁ ነኝ። ምንም ሳይሰብርም መምጣት ይችላል።"

"እነግረዋለሁ" አልኳቸው።